የዮሐንስን ዙፋን የሠራው ስደተኛ አናጢ

ስለ ሬሽን፣ ስለ ምዝገባና ስለ መንገድ ወሬ ሰልችቶን የለ? ዛሬ ፈቀቅ ልበልና ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ሰው ላጫውታችሁ። ጃኮሞ ናሬቲ ይባላል፤ ጣሊያናዊ አናጢ ነው። መቀሌ ያለውን የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥት ካቆሙት ሰዎች አንዱ፣ የንጉሠ ነገሥቱንም የእንጨት ዙፋን የሠራው እሱ ነው።

ስለ ጣሊያን ምን አገባህ የሚለኝ አይጠፋም። እኔም አናጢ ነኛ! ካርቱም ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጋና ቁም ሣጥን በሚሠራ ወርሻ ስሠራ ኖሬአለሁ። ቤቴ ደይም ነበር፤ ካርቱምን የሚያውቅ ሐበሻ ደይምን አያጣውም፣ ቡናውም እንጀራውም ፀጉር ቤቱም እዚያ ነበር። በ2023 ኤፕሪል 15 ቀን ጠዋት ከተማው ሲናወጥ መጋዙም መላጊያውም ወርሻው ውስጥ ቀረ። በቦርሳዬ የወጣችው አንዲት መሮ ብቻ ነች። እሷንም አስቤበት አልያዝኳትም፤ ማታ ልስላት ብዬ ቤት ወስጃት ስለነበር ነው የተረፈችው።

አሁን ያለሁበት መጠለያ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ወጣቶች ይሰበሰቡና የማውቀውን አሳያቸዋለሁ። አንዱ ልጅ በቀደም ሳንቃ እየላገ ቀና ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሙያ ያለው ሰው በሰው አገር ቢኖር እንደ አገሬው ይቆጠራል ወይ ነው ያለው። አዎ ልለው ፈለግሁ፣ አፌ ግን እንቢ አለ። በሱ ፈንታ ደይም ሳለሁ ጎረቤቴ የነበሩ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ያወሩልኝን የናሬቲን ታሪክ ጀመርኩለት። ሦስት ማታ ፈጀብን። እናንተም ይድረሳችሁ ብዬ ነው።

ናሬቲ የተወለደው በ1831 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሱዳን ውስጥ ወረቀታችንም ቀጠሯችንም በሱ ስለሆነ ለምደነዋል።) አገሩ በሰሜን ኢጣሊያ፣ ፒዬሞንቴ በሚባለው ክፍል፣ ኢቭሪያ ከተማ አጠገብ ያለች ፓሬላ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። ኢቭሪያን አናውቃትም አትበሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎች ሲያንቋቁት የኖሩት የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና የዚያች ከተማ ልጅ ነው፤ ፋብሪካው ግን የተከፈተው ናሬቲ ከሞተ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ናሬቲ ሲወለድ ኢጣሊያ የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። ፒዬሞንቴ የሰርዴኛ ንጉሥ ግዛት ነበር፤ የኢጣሊያ መንግሥት የታወጀው በ1861 ነው፣ ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሲሞላው። እንግዲህ አገሩን ጥሎ ሲወጣ ትቶት የወጣው መንደሩን እንጂ ኢጣሊያን አልነበረም ማለት ይቻላል። ኢጣሊያ በኋላ ነው ራሷ ተነሥታ ያለበት ድረስ የመጣችው። ታሪኩ ሁሉ የሚዞረው እዚህች ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የሰሜን ኢጣሊያ ተራራማ መንደሮች ብዙ ሰው የሚወለድባቸው፣ ጥቂት እንጀራ የሚበላባቸው ነበሩ። ግንበኛው፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው መሣሪያውን ተሸክሞ ሥራ ወዳለበት ይፈልሳል። ሥራ ደግሞ ያኔ ግብጽ ነበር። ባቡር ሐዲድ ይዘረጋል፣ ቤተ መንግሥት ይሠራል፣ የስዊዝ ቦይ በ1859 ቁፋሮው ተጀምሮ በ1869 ተከፈተ። እስክንድርያ በጣሊያንና በግሪክ ሠራተኛ ተሞላች። ናሬቲም ወጣት ሳለ ወደ ግብጽ ተሻገረ። የዛሬ ልጆቻችን የሚሞቱበትን ባሕር እሱ በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር የተሻገረው። ነጋዴም ሰባኪም ወታደርም አልነበረም፤ በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው ነው።

ከዚያ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ኢትዮጵያ ገባ። ጊዜው ምን ይመስል ነበር መሰላችሁ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ ጥቂት ዓመታቸው ነው። የትግራዩ በዝብዝ ካሣ ተፎካካሪያቸውን አሸንፈው በጃንዋሪ 1872 አክሱም ላይ አፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጭነዋል። አዲስ ንጉሠ ነገሥት እጅ ያስፈልገዋል። ጠመንጃ የሚጠግን፣ በር የሚገጥም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራ ሰው ይፈለጋል። ናሬቲ በዚህ በር ገባና የቤተ መንግሥቱ አናጢ ሆነ።

አሁን ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የዮሐንስ ቤተ መንግሥት አንድ ቦታ የተቀመጠ አልነበረም። ዛሬ አድዋ፣ ነገ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ መቀሌ፣ ከዚያ ዘመቻ። ባለሙያ ሲባል ከድንኳኑ ጋር የሚነሣና የሚወድቅ ሰው ነው። ያን ጊዜ በአገራችን ጣውላ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ግንዱ ተፈልጦ፣ ከዚያ በመጥረቢያና በመጥረቢያ መሰል መሣሪያ ተጠርቦ ነበር፤ ከአንድ ትልቅ ዛፍ የሚገኘው ሳንቃ ጥቂት ነው፣ የቀረው ፍልጥ ይሆናል። ምስማርና ማጠፊያ የሚባል ነገር ከባሕር ማዶ መጥቶ ከምጽዋ በበቅሎ ይወጣል። እኔ ደይም ሳለሁ ምስማር ሲያልቅ ልጅ ልኬ ሱቅ አስመጣለሁ። ናሬቲ ምስማር ሲያልቅበት ስንት ሳምንት ይጠብቅ እንደነበር ሳስበው ሥራው ሁሉ ሌላ መልክ ይይዝብኛል። ምስማር የሌለው አናጢ መጋጠሚያው ላይ መጠንቀቅ አለበት፤ እንጨቱ ራሱ እንጨቱን እንዲይዘው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሃይማኖት ነገር ጥብቅ ነበሩ። በ1878 የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የካቶሊክ ሚስዮናውያንን አልወደዱም፤ ከሸዋ እንኳ አባ ማስያስ የሚባሉት ጣሊያናዊ ጳጳስ በ1879 እንዲወጡ ያስደረጉት እሳቸው ናቸው። ጣሊያናዊው አናጢ ግን ቀረ። እኔ ሳስበው መሮ አይሰብክም፤ ለዚህ ነው። እኛም በስደት የምናውቀው ነገር ነው፣ አንዳንዱ በር የሚከፈተው ለሰውየው ሳይሆን ለእጁ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቅር የሚለኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያ ፈረንጅ አናጢ ከመኳንንቱ ጋር ቀርቦ ሲከበር፣ የኛው አንጥረኛ፣ የኛው ሸክላ ሠሪ በዚያው ዘመን ቡዳ እየተባለ ከመንደር ዳር ይኖር ነበር። ማረሻውን የሚሠራለት እሱ፣ ምጣዷን የምትሠራለት እሷ፣ ግን አብሯቸው አይበላም፣ ልጁን አይድርላቸውም። ፈረንጅ ሲሠራው ጥበብ ተባለ፣ የኛ ሰው ሲሠራው ስድብ ሆነ። ናሬቲ በዚህ ጥፋት የለበትም። ቢሆንም ልጆቹን ሳስተምር ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፣ ከመጠለያው ውስጥ እንኳ ዛሬም የዚያ ወሬ ርዝራዥ ስላለ።

ወደ ትዳሩ ልምጣ። ጋሼ ይህን ክፍል ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየር ነበር።

ናሬቲ ያገባት ቴሬዛ ዛንደር ትባላለች። አባቷ ኤድዋርድ ዛንደር በ1813 ጀርመን አገር የተወለደ ሠዓሊ ነው፤ በ1847 ኢትዮጵያ ገብቶ ለደጃዝማች ውቤ፣ የሰሜንና የትግራይ ገዥ ለነበሩት፣ ሠራ። እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ውቤ ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩ ጊዜ የጀርመኖቹ እጅ ነበረበት፤ ያችው ደረስጌ ናት በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ውቤን ድል አድርገው ዘውድ የጫኑባት። አያችሁ የባለሙያ ነገር! ለአንዱ ጌታ የሠራኸው ቤት ለጠላቱ መንገሻ ይሆናል። ዛንደርም ከዚያ በኋላ ለቴዎድሮስ አደረ። በመጨረሻ መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ፈረንጆቹን ሁሉ ይዘው ሲወጡ እሱም ወጣ፤ ግን ሩቅ አልሄደም፣ በዚያው በ1868 ምጽዋ ላይ ሞተ። ከሃያ ዓመት በላይ ከኖረበት አገር ወጥቶ፣ የተወለደበት አገር ሳይደርስ፣ ባሕሩ ዳር።

ቴሬዛ እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ናት። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ የአባቷ አገር ማለት በወሬ የምታውቀው ነገር ነው። ካርቱም ተወልደው ደይም ያደጉትን፣ ጎንደርን ወይም ሑመራን በእናታቸው ወሬ ብቻ የሚያውቁትን ልጆቻችንን ስታዩ ቴሬዛን አስቧት። አናጢው ናሬቲ ቤት የሠራው ከእሷ ጋር ነው። ለእሱ እሷ አገሩ ሆነች ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፤ ቋንቋውም፣ ዘመዱም፣ የቤቱ ወግም በሷ በኩል ነው የመጣለት። ወንድሙም ጁዜፔ ተከትሎት መጥቶ አብሮት ሠርቷል። አንድ ሰው መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ወንድሙን ይስባል፣ ከዚያ ዘመዱን። ለኛ ይህ ምን ይነገራል።

ናሬቲ ገና ሥራውን ሲያደላድል ጦርነት መጣ። የመጣውም እሱ ከመጣበት በኩል ነው። የግብጹ ከዲቭ እስማኤል ከምጽዋ ጦር አዘመቱ፤ ዮሐንስ በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ጉራ ላይ ድል አደረጓቸው። ሱዳን ያኔ በግብጽ እጅ ነበረች፤ ካርቱም የገዥው መቀመጫ ነበረች። ብዙ ጣሊያኖችም እዚያ ነበሩ፣ ነጋዴውም፣ መኮንኑም፣ ካህኑም። ካርቱም ውስጥ ኮምቦኒ ኮሌጅን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ስሙ የተሰየመው በ1881 እዚያው ካርቱም በሞቱት ጣሊያናዊ ጳጳስ በዳንኤሌ ኮምቦኒ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመቀሌው ሥራ ተጀመረ፤ ከ1882 እስከ 1884። ናሬቲ በዚህ ሥራ አብሮት የነበረው ዋና ሰው ዊሊያም ሺምፐር ነው። እሱ ደግሞ ማን መሰላችሁ? አባቱ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ኢትዮጵያ የገባ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው፣ አርባ ዓመት ኖሮ በ1878 አድዋ ሞተ። እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። ልጁ ጀርመን ሄዶ ተምሮ ተመልሶ ወደ እናቱ አገር መጣ። እንግዲህ የመቀሌን ቤተ መንግሥት የሠሩት አንድ የመጣ ስደተኛና አንድ የስደተኛ ልጅ ናቸው፤ ከነሱ ጋር ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ፣ ድንጋይ የጠረቡ፣ ውሃ የቀዱ፣ ግንድ የጎተቱ የአገሩ ሰዎች። ፎቁ በድንጋይ የተገነባ ነው፤ ከላይ ግድግዳው ጥርስ ጥርስ አለው፣ የጎንደርን ግንብ ላየ ሰው ወዲያው ትዝ ይለዋል።

እኔ ከአገር ከመውጣቴ በፊት ለሥራ መቀሌ ሄጄ አንድ ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ። ሙዚየም ሆኗል። የዮሐንስ ዙፋን እዚያ ነበር። ሰው ሁሉ ዙፋኑን ሲያይ ንጉሡን ነው የሚያስበው። እኔ ምን ላድርግ፣ ሙያ ሆኖብኝ ጎንበስ ብዬ መጋጠሚያውን ስመለከት ጠባቂው ምን ጠፋህ ብሎኛል። ያኔ የሠራውን ሰው ስም አላውቅም ነበር። ማን እንደሠራው አልጠየቅሁም፤ ያስቆጨኛል። ራሴ ስንት ቁም ሣጥን ሠርቼ ማን ሠራው ተብዬ ተጠይቄ አላውቅምና ለኔም አልመጣልኝም።

ናሬቲ እያደር ከአናጢነት ሌላ ሥራ ተጨመረበት፤ እሱ ሳይፈልገውም ሊሆን ይችላል። ቤተ መንግሥቱን ያውቃል፣ ንጉሡ ያውቁታል፣ አገሩን ለምዷል፣ ሚስቱ የአገሩ ልጅ ናት። ከኢጣሊያ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ተጓዡም የንግድ ልኡኩም፣ መጀመሪያ የሚፈልገው ናሬቲን ሆነ። በ1879 እነ ማቴውቺና እነ ቢያንኪ ሲመጡ መንገድ የሚያሳያቸው፣ ነገር የሚያስረዳቸው እሱ ነበር። ሰው በሰው አገር ሲኖር የአገሩ ልጅ ቢመጣበት ምን ያደርጋል? ውሃ ያቀርባል፣ ያሳድራል፣ እንዲህ በል እንዲህ አትበል ብሎ ይመክራል። እኛስ ደይም አዲስ የገባ ልጅ ስናገኝ ሌላ ምን አደረግን።

ልዩነቱ የናሬቲ እንግዶች እንደኛ ልጆች ባዶ እጃቸውን የሚመጡ አለመሆናቸው ነው። ከኋላቸው አዲስ መንግሥት አለ፤ መንግሥቱም ቅኝ ግዛት እየፈለገ ነው። ይህን ናሬቲ ምን ያህል አስቦበት እንደሆነ እንጃ እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። አንዳንድ ቀን የንጉሡን እንጀራ እየበላ ለጠላት በር የከፈተ ሰው አድርጌ እፈርድበታለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እንግዳ የተቀበለ ሰው ነው፣ ምን በደለ እላለሁ። ጋሼ ከሁለቱም ጋር አይስማሙም ነበር። እሳቸው የሚሉት፣ ሰውየው እስከ መጨረሻው ሁለቱንም ወገን ማስታረቅ የሚችል መስሎት ነበር ነው።

በ1884 ጁን ላይ የእንግሊዙ አድሚራል ሂዊት አድዋ ድረስ መጥቶ ከዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረመ። ሱዳን ውስጥ የመሐዲው ጦር የግብጽን ወታደሮች በየምሽጉ ከብቦ ነበር፤ በውሉ መሠረት ዮሐንስ በመተማ በኩልም በከረን በኩልም የተከበቡትን በኢትዮጵያ ምድር አሳልፈው ምጽዋ እንዲደርሱ አደረጉ። ወታደሩ ብቻ አልነበረም፣ ሴቱም ልጁም አብሮ ነው። ከገላባት ወደ መተማ የተሻገሩ የዚያን ዘመን ስደተኞች ናቸው። አብዛኞቻችን ያንኑ ድንበር በተቃራኒው ነው የተሻገርነው፤ አንዳንዶቻችን ከ2023 ወዲህ ሁለቴም ሦስቴም።

ዮሐንስ በውሉ የጠበቁት ግብጽ ስትወጣ ምጽዋ ለንግዳቸው ክፍት እንድትሆን ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በ1885 ፌብሩዋሪ 5 ቀን ጣሊያን ምጽዋን ያዘች፣ እንግሊዝም ዝም አለች። ከዚያ ወደ ደጋው መግፋት ጀመረች። በ1887 ጃንዋሪ 26 ቀን ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደር ደመሰሱ። (የሚገርመው፣ ልክ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ቀን ነው ካርቱም በመሐዲው እጅ ወድቃ ጎርደን የተገደለው።) ከዚህ በኋላ ኢጣሊያና ኢትዮጵያ ግልጽ ጠላቶች ሆኑ።

እስቲ አሁን ናሬቲን አስቡት። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። አገሩን ሲለቅ ያልነበረች ኢጣሊያ መርከብ ይዛ ምጽዋ ቆማለች። ዙፋኑን የሠራላቸው ንጉሥ ከሷ ጋር ሊዋጉ ነው። ሚስቱ የተወለደችው በንጉሡ አገር ነው፣ ፓስፖርት የሚባል ነገር ቢኖር የሱ ግን ከወዲያ ነው። ትናንት የናሬቲ ቤት የሚባለው ዛሬ የጣሊያኑ ቤት ነው።

እኔ ይህን ትንሽ አውቀዋለሁ። በ2020 መጨረሻ የአል ፋሽቃ መሬት ነገር በሱዳንና በኢትዮጵያ መካከል ሲጋጋል ወርሻችን ውስጥ ድንገት ጸጥታ ገባ። ስምንት ዓመት አብሮኝ ሻይ የጠጣ ሰው ወታደሮቻችሁ እዚያ ምን ያደርጋሉ ብሎ ጠየቀኝ። በክፋት አልነበረም፣ አምናለሁ። ግን ወታደሮቻችሁ አለ። እኔ ደግሞ ከነዚያው ወታደሮች ሸሽቼ የወጣሁ ሰው ነኝ! ምን ብዬ ላስረዳው? ሳንቃዬን መላግ ቀጠልኩ። በማግስቱም ሻይ አብረን ጠጣን፣ ስለ እሱ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አላወራንም። ሙያዬ ያን ቀን ከወርሻው አላስባረረኝም፤ የነሱ ሰው ግን አላደረገኝም።

ናሬቲ መሐል ላይ መቆም አልቻለም፤ ማንም አይችልም ነበር። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕሩ ወገን ወረደ። የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በኢጣሊያ እጅ በወደቀው ኤርትራ ነው። ከናሬቲ ቤተሰብ ሉዊጂ ናሬቲ የሚባለውም ምጽዋ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ ኖረ፤ የዚያን ዘመን የምጽዋና የአስመራ ፎቶግራፎች ስታዩ ብዙዎቹ የሉዊጂ ናቸው። ቴሬዛም እንደ አባቷ ከደጋው ወደ ምጽዋ ወረደች። አባቷ የሞተበትን ባሕር ዳር ስታይ ምን እንደተሰማት ልጁ ጠየቀኝና እኔ ዝም አልኩ፤ ማታም ስለነበር ተነሥተን ገባን።

የዮሐንስን መጨረሻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ መተማን አልፋችሁ የመጣችሁት በተለይ። የመሐዲው ተከታዮች በ1888 ጎንደርን አቃጥለው ነበር። ከወዲህ ጣሊያን፣ ከወዲያ ደርቡሽ። ዮሐንስ ወደ ደርቡሹ አዞሩ፤ በማርች 1889 መተማ ላይ ጦርነቱ ድል ሊሆን ሲል በጥይት ተመተው ቆሰሉ፣ በማግስቱ አረፉ። አስከሬናቸው ተማረከ፣ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ድረስ ለኸሊፋው ተወሰደ። ጋሼ ይህን የነገሩኝ ኦምዱርማን ገበያ እንጨት ልገዛ የምሄድበት ቀን ዋዜማ ነበር። በማግስቱ በዚያ ግርግር መካከል ሳንቃ እያስመዘንኩ፣ ዙፋኑ መቀሌ ቀርቶ የተቀመጠበት ሰው ራስ እዚህ መጣ እያልኩ ሂሳብ ተሳሳትኩ። ነጋዴው መለሰልኝ እንጂ ዕዳ ገብቼ ነበር።

ንጉሡ ሲሞቱ ጣሊያን ጊዜ አላጠፋችም። በዚያው በ1889 አስመራ ገባች፤ በ1890 መጀመሪያ ኤርትራ ብላ ቅኝ ግዛቷን አወጀች። ከዚያ በ1896 ማርች 1 ቀን አድዋ። አድዋ እንግዲህ ያች ፈረንጆቹ ባለሙያዎች የኖሩባት፣ ሽማግሌው ሺምፐር የሞተባት፣ ናሬቲ ከንጉሡ ጋር የተመላለሰባት ከተማ ናት። በተራራዎቿ ሥር ከአንድ ወገን በሺህ የሚቆጠር የአገሩ ልጅ ወደቀ፣ ከሌላው ወገን ደግሞ በሺህ የሚቆጠር አብሮት እንጀራ የበላ ሰው። ናሬቲ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ዕድሜው ስልሳ አራት።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1899 አስመራ ውስጥ ሞተ። ፓሬላ አልተመለሰም፤ መቀሌም አልተመለሰም። ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የጻፈው የዕለት ማስታወሻ በአገሩ ሰዎች በመጽሐፍ ታትሟል፤ አናጢ ሆኖ ማስታወሻ መጻፉ እኔን በጣም ነው ያስደሰተኝ። ከዚያ በኋላ ግራ ገብቶኝ እኔም ደብተር ይዤ ነበር፣ የወርሻ ሂሳብና የቀን ወሬ የተቀላቀለበት። እሱም ካርቱም ቀረ።

ታሪኩን ስጨርስለት ያ ልጅ ለጥያቄው መልስ አላገኘም መሰለኝ፣ ትንሽ ተከዘ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ናሬቲ በምን መሣሪያ ይሠራ ነበር አለኝ። እኔም መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ መዶሻ ብዬ ቆጠርኩለት። ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ቡሎንና ላሜራ የምንላቸው ስሞች ራሳቸው የጣሊያን ቃል ናቸው ስለው አላመነኝም። አማን ብሎ ሊጠይቅ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ።

መጋዝም ሆነ መላጊያ ያላችሁ፣ ቢሰበርም ግድ የለም፣ እጀታውን እንሠራለታለን፣ ብታውሱን ጥሩ ነው። እኛ ከአሥር ሰዓት በኋላ ውሃ መቅጃው አጠገብ ካለችው ዛፍ ሥር ነን። አሁን የያዝነው የአንዲት አራስ አልጋ ነው፤ ሁለት እግር ይቀረዋል።